የዘር ሐረግን ኢንተርኔት ላይ ከማውጣት በፊት፦ የሚያጋጥሙ ወጥመዶችና ማለፊያቸው

ከጥቂት ዓመታት በፊት የእናቴን ወገን ዘር ቆጠራ፣ አጎቴ በእጃቸው ከጻፉት አሮጌ ደብተር ወደ ኮምፒዩተር ገልብጬ፣ ፒዲኤፍ አድርጌ በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቅሁት። አጎቴ የጻፉት ለራሳቸው ማስታወሻ ስለ ነበር ምንም አልደበቁም፤ እኔም ልብ ብዬ ሳላነብ ከስም ወደ ስም እየተከተልኩ ገለበጥኩት። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ አያቴ ከትዳራቸው በፊት የወለዱትና እኅታቸው እንደ ራሳቸው ልጅ አድርገው ያሳደጉት ሰው፣ በወለደው አባቱ ስም ሥር ተጽፎ ነበር። ሰውየው ስድሳ ዓመት ያለፈው ሲሆን ይህንን ጨርሶ አያውቅም ነበር። የሰማውም የልጅ ልጁ ስልኩን ይዞ መጥቶ «አባባ፣ ስምህ እዚህ ጋ ምን ያደርጋል?» ብሎ ሲጠይቀው ነው። ፋይሉን በዚያው ሌሊት አጠፋሁት፤ እስከዚያ ግን ወደ ሌሎች ሁለት ግሩፖች ተላልፎ፣ አንድ ዘመዳችንም ውጭ አገር ሆኖ በዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ መዝግቦት ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለካ ለቃል ብቻ አይደለም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ዘር መቁጠር ይቅር ለማለት አይደለም። ሰባት ቤት አሳልጠው መቁጠር የሚችሉ ሽማግሌዎች በየዓመቱ እያለፉ፣ ልጆቻችንም በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በለንደንና በዱባይ ተበትነው እያደጉ ስለሆነ መጻፉ አስቸኳይ ሥራ ነው። አስቸኳይ ያልሆነው ማውጣቱ ነው። አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው እነዚህ ሁለት ሥራዎች እንደ አንድ ሥራ ሲቆጠሩ ነው፤ ድረ ገጾቹም ገና የመጀመሪያውን ስም ስንጽፍ ማውጫው አብሮ እንዲከፈት ተደርገው የተሠሩ በመሆናቸው መለያየቱን ለእኛው ትተውታል።

የቀድሞ ሰዎች ይህን ልዩነት አሳምረው ያውቁት ነበር። በጎጃምና በበጌምድር የርስት አገር፣ መሬት የሚጠየቀው ከመሬቱ ዋና አባት መወለድን በእናትም በአባትም ቆጥሮ በማስረዳት ስለ ነበር፣ ቆጠራ አዋቂ ሽማግሌ ለጠየቀው ሁሉ የሚያውቀውን አይዘረግፍም ነበር። የየካቲት 1967 ዓ.ም አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ንብረት ካደረገ ወዲህ ያ ጥንቃቄ ምክንያቱን አጣ፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይዞለት መጣ።

1. ሁለት ቅጂ ያዘጋጁ

የመጀመሪያው ቅጂ የቤት ቅጂ ነው። በዚህ ውስጥ የሰሙት ሁሉ፣ ያልተረጋገጠው ሳይቀር፣ ከማን እንደሰሙትና መቼ እንደሰሙት ጭምር ይገባል። በወፍራም ደብተር ወይም ከኢንተርኔት ጋር ባልተገናኘ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይያዝ፤ አንድ ግልባጭም በሌላ ቤት ይቀመጥ። ሁለተኛው የአደባባይ ቅጂ ሲሆን፣ ከመጀመሪያው ተመርጦ የሚወጣ እንጂ ከመጀመሪያው ተቀንሶ የሚቀር መሆን የለበትም። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ትልቅ ነው፤ ከሙሉው ላይ እየሰረዝን ስንሄድ ሁልጊዜ የምንረሳው አንድ ሰው አለ፣ ከባዶ ተነሥተን አንድ በአንድ ስናስገባ ግን እያንዳንዱን ስም «ይህ ይውጣ ወይ?» ብለን እንድንጠይቅ እንገደዳለን።

2. የሚመዘገቡበት ድረ ገጽ የማን ሐረግ እንደሚይዝ ይወቁ

የዘር ሐረግ ድረ ገጾች በሁለት ይከፈላሉ፤ ይህን ሳያውቁ የሚገቡበት ሰው በኋላ ይደነግጣል። በአንደኛው ወገን ፋሚሊሰርች፣ ዊኪትሪና ጄኒ አሉ። በእነዚህ ላይ የእርስዎ የብቻ ሐረግ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ተጠቃሚ አንድን ትልቅ የጋራ ሐረግ ይጽፋል፣ ያርማል፣ ያገናኛል። ሞርሞን በሚል ስም የሚታወቀው የኋለኛው ቀናት ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን በሚያስተዳድረው ፋሚሊሰርች ላይ፣ አገልግሎቱ ነጻ ሲሆን፣ የሞቱ ሰዎች መዝገብ በማንም አባል ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ የምንጅላትዎን ስም ካስገቡ በኋላ አንድ የማያውቁት ሰው ከሌላ ሞክሼ ጋር ቢያዋህዳቸው ሊገርምዎ አይገባም።

በሌላው ወገን እንደ አንሴስትሪና ማይሄሪቴጅ ያሉት ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን ሐረግ ይሰጣሉ። እዚህ ያለው ወጥመድ ሌላ ነው፦ አንሴስትሪ ላይ አዲስ ሐረግ ሲከፈት ባለቤቱ ካልለወጠው በቀር ለሁሉም አባላት ክፍት ነው። «የግል» የሚለውን ቢመርጡም እንኳ፣ ሐረጉ በፍለጋ እንዳይገኝ የሚያደርገውን ሌላ ምርጫ ለብቻው ካልመረጡት፣ የሞቱት ሰዎች ስምና የትውልድ ዘመን በፍለጋ ውጤት ላይ ሊታይ ይችላል። ምክሬ የመጀመሪያውን ስም ከማስገባትዎ በፊት የማስተካከያውን ገጽ ከላይ እስከ ታች እንዲያነቡ ነው፤ ሦስት መቶ ስም ካስገቡ በኋላ ማንበቡ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

3. ስማችን ከቅጹ ጋር እንደማይገጥም አስቀድመው ያስቡ

ቅጾቹ የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ ነው። እኛ የምንጠራው በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም ነው፤ ሚስትም ስታገባ ስሟን አትለውጥም። ይህ የአጻጻፍ ችግር ብቻ ቢሆን ባላነሣሁት ነበር።

ለምሳሌ ያህል የታሰበ አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። አባትየው ከበደ ወልዴ ይባላሉ። በመጀመሪያው ሳጥን «ከበደ»፣ በሁለተኛው «ወልዴ» ብለው ያስገቡና «ልጅ ጨምር» የሚለውን ይጫናሉ። ኮምፒዩተሩ ለልጅቷ ሁለተኛ ስም በራሱ ጊዜ «ወልዴ» ብሎ ይሞላል። እርስዎ «አልማዝ» ብለው ጽፈው ካለፉ፣ አልማዝ ከበደ የነበረችው አልማዝ ወልዴ ትሆናለች፤ ማለትም በመዝገቡ ላይ የአያቷ ልጅ፣ የአባቷ እኅት ትመስላለች። የሷ ልጅ ሲጨመር ደግሞ ቅጹ የባሏን ሁለተኛ ስም ይሞላል፤ እንዲህ እያለ በሦስት ትውልድ ውስጥ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ከስሙ መለየት ያቅታል። ስለዚህ በየልጁ ላይ የተሞላውን ስም እያጠፉ የአባትን ስም በእጅ ያስገቡ። የክርስትና ስም፣ የፈረስ ስም፣ እንደ ፊታውራሪና ግራዝማች ያለ ማዕረግ ሁሉ «ሌላ ስም» ወይም «ማዕረግ» በሚለው ቦታ እንጂ ከስሙ ጋር ተደርበው አይግቡ። በላቲን ፊደል ስትጻፍ በአራትና በአምስት ዓይነት የምትጻፍ አንዲት ጸሐይ፣ በግዕዝ ፊደል ካልተመዘገበች አራት ወይም አምስት ሴቶች ሆና ትቀራለች።

ከባዱ ነገር ግን ይህ ነው። ድረ ገጾቹ በሕይወት ያለውን ሰው «የግል» ብለው ስሙን ሲሸፍኑ፣ የሚሸፍኑት የራሱን ስም ብቻ ነው። የኛ ሰው ስም ግን ራሱ የዘር ሐረግ ነው። ከተሸፈነው ሳጥን በላይ አባቱ ከበደ፣ አያቱ ወልዴ ተብለው በግልጽ ከተጻፉ፣ ከሦስቱ ስሞቹ ሁለቱ ታውቀዋል፤ የቀረውን አንዱን ፌስቡክ ይሞላዋል።

4. ዘመኑን ከነአቆጣጠሩ ይጻፉ

ድረ ገጾቹ በአብዛኛው የጎርጎርዮስን ዘመን ይጠብቃሉ። የዘር ሐረግ ፋይሎች ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው የሚተላለፉበት ጄድኮም የተባለው ቅርጽ፣ ከጎርጎርዮስ ሌላ የዩልዮስን፣ የአይሁድንና የፈረንሣይን አብዮት የዘመን አቆጣጠሮች ያውቃል፤ የኢትዮጵያን ግን አያውቅም። ስለዚህ ልወጣው የእርስዎ ሥራ ነው። በመስከረም 20 ቀን 1945 ዓ.ም የተወለደ ሰው በሴፕቴምበር 30 ቀን 1952 ይገባል፤ በዚያው ዓመት ጥር 20 ቀን የተወለደ ግን በጃንዋሪ 28 ቀን 1953 ነው። አንዱ ሰባት፣ ሌላው ስምንት ዓመት ይለያያል። ወሩ ካልታወቀ «በ1952 እና በ1953 መካከል» ማለት ይሻላል እንጂ አንዱን መርጦ እንደ እርግጠኛ መጻፍ አይገባም። «ጣልያን ሲገባ»፣ «በኅዳር በሽታ ጊዜ» የሚሉትንም አነጋገሮች 1928 እና 1911 ዓ.ም ብለው ከመለወጥዎ በፊት በማስታወሻው ላይ እንደተነገሩ ያኑሯቸው።

ይህ ከምስጢር ጥበቃ ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። የሞት ቀን ያልተጻፈለትን ሰው ድረ ገጾቹ በሕይወት እንዳለ የሚቆጥሩት እስከ ተወሰነ ዕድሜ ነው፤ አንዳንዶቹ 100፣ ሌሎቹ 110 ዓመት ይላሉ። አያትዎ በ1920 ዓ.ም ተወልደው እርስዎ «1920» ብለው እንዳለ ቢያስገቡ፣ በ100 ዓመት የሚቆጥረው ድረ ገጽ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደ ሞቱ ይወስዳቸዋል። እርሳቸው ግን 100 ዓመት የሚሞላቸው በ2020 ዓ.ም ነው። በመካከሉ ባሉት ሰባትና ስምንት ዓመታት አያትዎ በሕይወት እያሉ፣ ስማቸውና የትውልድ ቦታቸው፣ የሰቀሉላቸውም ፎቶግራፍ ጭምር ለዓለም ክፍት ይሆናል።

5. በሕይወት ያሉትን አይሸፍኗቸው፣ ጨርሰው ያውጧቸው

ከላይ በተናገርኩት ምክንያት፣ በአደባባይ ቅጂ ላይ በሕይወት ያለ ሰው በተሸፈነ ሳጥንም ቢሆን እንዲገባ አልመክርም። ቅርንጫፉን ሁሉም የሞቱበት ትውልድ ላይ ይቁረጡት። ወደ ምሳሌያችን እንመለስና፣ አቶ ከበደ አርፈው ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነበች ተሰማና ሦስት ልጆቻቸው በሕይወት ቢኖሩ፣ የቤት ቅጂው አምስቱንም ይይዛል፤ የአደባባዩ ቅጂ ግን ከበደ ወልዴ፣ አባታቸውና እናታቸው ብሎ እዚያ ላይ ያቆማል። ሚስትም ልጅም አይኖርም። ሦስት የተሸፈኑ ሳጥኖች ቢቀመጡ የልጆቹን ቁጥርና የአባታቸውን ስም ይናገራሉ፤ ወይዘሮ ዘነበች በስማቸው ቢገቡ ደግሞ በአሜሪካ የሚኖረው ልጅ በባንክ ስልክ ሲደውል የሚጠየቀው «የእናትህ ከጋብቻ በፊት የነበረ የቤተሰብ ስም» መልሱ «ተሰማ» መሆኑ ታወቀ ማለት ነው። በእኛ አገር ይህ ስም በጋብቻ ስለማይለወጥ ለመገመት እንኳ ድካም የለውም።

አስመስሎ የሚደውል ሌባም የሚፈልገው ይኸንኑ ነው። «ጋሼ፣ የእትዬ የታናሽ እኅታቸው ልጅ ነኝ» ብሎ የአራት ሰው ስም በትክክል የሚጠራ ደዋይ ገንዘብ ቢጠይቅ፣ ብዙ ሰው ይሉኝታ ይዞት አይመረምርም። ስም ማወቅ ዝምድናን አያረጋግጥም፤ እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ ስልኩን ዘግተው በሚያውቁት ቁጥር ራስዎ ይደውሉ።

6. ሲጠይቁ «ላውጣው?» ብለው አይጠይቁ

ፈቃድ መጠየቅ እንደሚገባ ሁሉም ይስማማል፤ አጠያየቁ ግን ብዙ ጊዜ ይበላሻል። አንድን ትልቅ ሰው «ኢንተርኔት ላይ ባወጣው ምን ይመስልዎታል?» ብትሏቸው መልሱ «እንደ ወደድክ ልጄ» ነው። ይህ በእኛ ዘንድ የይሉኝታ መልስ እንጂ ፈቃድ አይደለም። የሚሻለው የሚቀረውን መጠየቅ ነው። እኔ አሁን የምጠቀምበት አነጋገር እንደሚከተለው ነው፦

«እትዬ፣ የአባባን ወገን ቆጠራ እየጻፍኩ ነው። ለልጆቻችን የሚቀመጠው ሙሉው ነው፤ ያረፉት ብቻ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ይወጣሉ። እዚያ ወጣ ማለት እርስዎም እኔም የማናውቀው ሰው ሁሉ ያየዋል ማለት ነው። እስካሁን ከነገሩኝ ውስጥ ለቤት ብቻ ይቅር የሚሉት የትኛው ነው?»

እንዲህ ሲጠየቁ ሰዎች የሚያነሡት ነገር ያስገርማል። መልሱን በቤት ቅጂው ላይ ከቀኑ ጋር ይጻፉት፤ ከሳምንት በኋላም አንድ ጊዜ ይደውሉ፣ ምክንያቱም ሰው የሚያስታውሰው ከተለያያችሁ በኋላ ነው። ዝምታን እሺታ አያድርጉት። የቤተሰቡ ታላቅ ቢፈቅዱም የፈቀዱት ስለ ራሳቸው ነው፤ ጀርመን አገር ስላለችው የወንድማቸው ልጅ ሊፈቅዱ አይችሉም።

7. በአደባባይ ቅጂ ውስጥ የማይገቡ

የልደት እውነት ቀዳሚው ነው። በጉዲፈቻ ያደገ፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ፣ በአክስት ወይም በአያት ስም ያደገ ሰው በሁሉም ቤተሰብ አለ፤ እውነቱን የመናገር መብት ያላቸው ወላጆቹና እርሱ ራሱ ናቸው። ሰውየው ቢሞት እንኳ ልጆቹ አሉ።

ቀጥሎ የብሔርና የሃይማኖት መለዋወጥ ይመጣል። የዘር ቆጠራ ስንት ወገን እንደተደባለቀብን የሚያሳይ ውብ ነገር ነው፤ ነገር ግን አንድን ሰው በስሙና በትውልድ ቀበሌው ምክንያት መለየት የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሆነባቸውን ዓመታት በቅርቡ አይተናል። በሕይወት ያሉ ዘመዶች በሚኖሩበት አካባቢ የሚገኘውን ትውልድ ስንመዘግብ፣ አውራጃ ወይም ክፍለ ሀገር መጻፍ በቂ ነው፤ ቀበሌና ጎጥ በቤት ቅጂው ይቅሩ። በባርነት ከኖሩ፣ ወይም ሸማኔና ቀጥቃጭ በመሆናቸው «ቡዳ» ተብለው ከተገለሉ ቅድመ አያቶች መወለድም እስከ ዛሬ ጋብቻ የሚያፈርስባቸው ቦታዎች አሉ። የሚያሳፍረው የመወለዱ ነገር ሳይሆን የማግለሉ ነገር መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም የአክስትዎ ልጅ ሠርግ በደረሰበት ሳምንት ትግሉን በእርሷ ስም የመጀመር ሥልጣን ለእርስዎ አልተሰጠም።

ወደ ዓረብ አገሮች ለሥራ የሄዱ እኅቶችን በተመለከተ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ደላላ በሞላላት ስምና ዕድሜ የተጓዘች ልጅ አሠሪዋ በማያውቀው የክርስትና ስም፣ ከነፎቶግራፏ አንድ ቦታ ብትገኝ ችግሩ የሚደርሰው በእርሷ ላይ ነው። በስደት ጉዳይ ላይ ያለ ዘመድም እንዲሁ፤ በግምት የተጻፈ የልደት ቀን በሰነዱ ላይ ያለ ሰው፣ እርስዎ ከአያትዎ ሰምተው በጻፉት ሌላ ቀን ምክንያት ማብራሪያ ሲጠየቅ መዋል የለበትም።

8. ፎቶግራፍና የሕይወት ታሪክ

በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ለዘር ሐረግ ጸሐፊ ሀብት ነው፤ ወጥመዱም እዚያው ነው። ሟቹን ብቻ መዝግበው እንደ ማስረጃ ያያያዙት ወረቀት «የአምስት ልጆች አባትና የዘጠኝ ልጆች አያት ነበሩ» ብሎ የልጆቹን ስም፣ ማን በየትኛው አገር እንደሚኖርና ምን እንደሚሠራ ይዘረዝራል። በበሩ ያባረሯቸው በመስኮት ገቡ ማለት ነው። ስለዚህ ከጽሑፉ የሚፈልጉትን አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ራስዎ ገልብጡ እንጂ ወረቀቱን አይስቀሉ። የሠርግ ፎቶግራፍም ከሙሽሮቹ በላይ ብዙ በሕይወት ያሉ ሰዎችን ይይዛል። ፓስፖርት፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የቀበሌ መታወቂያና የፋይዳ ካርድ ስለ ማንም ቢሆኑ አይወጡም። በስልክ የተነሡ ፎቶግራፎች የተነሡበትን ቦታ በውስጣቸው ሊይዙ ስለሚችሉ ከመስቀልዎ በፊት የቦታ መረጃውን ያጥፉ።

9. ፋይሉን ከመላክዎ በፊት ከፍተው ያንብቡ

ጄድኮም በ1984 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀ፣ ውስጡ ተራ ጽሑፍ የሆነ ፋይል ነው። አንድ ዘመድ «ሐረጉን ላክልኝ» ሲልዎ የሚልኩት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ፕሮግራሙ ፋይሉን ሲያወጣ በሕይወት ያሉትን እንዲያስቀር የሚያዝዝ ምርጫ አለው፤ ይምረጡት። ነገር ግን በሟቹ ማስታወሻ ሥር የጻፉት «ከእገሊት የወለደው ልጅ አዋሳ ነው» የሚል መስመር የሟቹ ስለሆነ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ፋይሉን በማንኛውም የጽሑፍ ማንበቢያ ከፍተው ማስታወሻዎቹን በዓይንዎ ይለፏቸው። አጻጻፉም ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል ኮድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ኤንሰል የተባለው የቀድሞው ኮድ የግዕዝን ፊደል ስለማያውቅ ስሞቹን ሁሉ የጥያቄ ምልክት ያደርጋቸዋል።

በቴሌግራም የሚላክ ከሆነ፣ የግሩፑ ባለቤት ይዘቱ እንዳይቀመጥና እንዳይተላለፍ የሚከለክለውን ምርጫ ማብራት ይችላል። በሌላ ስልክ ፎቶ ማንሣትን ግን የሚከለክል ነገር የለም።

10. የይለፍ ቃልና የዘረመል ምርመራ

በሰኔ 2018 እ.ኤ.አ. ማይሄሪቴጅ የ92 ሚሊዮን ተጠቃሚዎቹ የኢሜይል አድራሻና የተመሰጠረ የይለፍ ቃል ከእጁ መውጣቱን አስታውቋል። ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረው ግን በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ የተባለው የዘረመል ምርመራ ኩባንያ ጉዳይ ነው። ሰርጎ ገቦቹ የኩባንያውን ቁልፍ አልሰበሩም፤ ሰዎች በሌላ ቦታ የተጠቀሙበትንና ቀድሞ የተሰረቀውን የይለፍ ቃል እየሞከሩ ወደ 14 ሺህ አካውንቶች ገቡ። ከዚያ ዘመዳሞችን በሚያገናኘው አገልግሎት በኩል የ6.9 ሚሊዮን ሰዎችን መረጃ ሰበሰቡ። አንድ የሰነፈ ዘመድ ለአምስት መቶ ሰው ይተርፋል ማለት ነው። ኩባንያውም በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. የኪሳራ አቤቱታ በማቅረቡ፣ የመረጃው ቀጣይ ባለቤት ማን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ደንበኞቹን ሲያስጨንቅ ከርሟል።

ለዘር ሐረግ ድረ ገጽ ሌላ ቦታ ያልተጠቀሙበትን የይለፍ ቃል ይስጡ፣ በስልክ የሚመጣውን ሁለተኛ ማረጋገጫም ያብሩ። የዘረመል ውጤትዎን ከሐረግዎ ጋር ከማያያዝዎ በፊት ደግሞ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ ፖሊስ ለአሥርተ ዓመታት ሲፈለግ የኖረን ነፍሰ ገዳይ የያዘው ራሱ ባስገባው መረጃ ሳይሆን፣ ጄድማች በተባለ የዘረመል ማወዳደሪያ ድረ ገጽ ላይ በተገኙ ሩቅ ዘመዶቹ በኩል ሐረግ ተሠርቶ መሆኑን ያስታውሱ። ወንጀለኛ በመያዙ የሚያዝን የለም፤ ነገሩ የሚያሳየው አንድ ሰው ሲመረመር ዘመዶቹ ሁሉ ሳይጠየቁ እንደሚመረመሩ ነው።

11. ሌላው የጻፈውን እንዳለ አይቀበሉ

ድረ ገጹ «ተመሳሳይ ሰው ተገኝቷል» እያለ ይጎተጉታል። ወልደ ማርያም ገብረ ማርያም የሚባል ሰው በሸዋ ብቻ ስንት እንዳለ ኮምፒዩተሩ አያውቅም። ቢያንስ ሦስት ነገር፣ ለምሳሌ የአባት ስም፣ የትውልድ አገርና የሚስት ወይም የወንድም ስም፣ ካልገጠመ አያዋህዱ። በተለይ ሐረጉ በአንድ ጠቅታ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከዘለለ፣ በመካከል ያሉትን ሰዎች ማን እንደቆጠራቸው ይጠይቁ። ብዙ ሰው ከቤተ መንግሥት መወለድን ስለሚወድ አንዱ የሳተውን ሃምሳው ይገለብጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ሃምሳ ምስክር ያለው ይመስላል።

12. ቀድሞ ወጥቶ ከሆነ

መጀመሪያ የወጣውን ገጽ ፎቶ አንሥተው አድራሻውን ይጻፉ፤ ከዚያ የራስዎ ከሆነ ይዝጉት ወይም ያጥፉት። የሌላ ሰው ከሆነ በትሕትና፣ በስልክ ይጠይቁት፤ በግሩፕ ላይ መውቀስ ነገሩን ለማያውቁት ሁሉ ማሳየት ነው። እምቢ ካለ ወደ ድረ ገጹ አስተዳዳሪዎች ይጻፉ፦ የተጻፈው በሕይወት ስላለ ሰው መሆኑን፣ ገጹን፣ የሚፈልጉትንም በአጭሩ ይግለጹ። በጋራ ሐረጎች ላይ የሞተን ሰው መዝገብ ማስነሣት አስቸጋሪ ሲሆን በሕይወት ያለን ማስነሣት ግን ይቻላል። የፍለጋ ድረ ገጾች ያስቀሩትን ቅጂ እንዲያነሡ መጠየቂያ ቅጽም አለ።

ሕጉም ከጎንዎ ሊቆም ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የመረጃ ጥበቃ ደንብ የሞቱ ሰዎችን አይመለከትም፤ በሕይወት ላሉት ግን መረጃቸው እንዲሰረዝ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። «ለቤተሰብ ብዬ ነው» የሚለው ምክንያትም ሁልጊዜ አያዋጣም። የኅብረቱ ፍርድ ቤት ገና በ2003 እ.ኤ.አ.፣ የደብር ባልደረቦቿን ስምና የአንዷን የእግር ጉዳት ድረ ገጽ ላይ ባወጣች ስዊድናዊት ጉዳይ፣ ለማንም ክፍት በሆነ ኢንተርኔት ላይ ማውጣት የግል የቤት ጉዳይ እንዳልሆነ ወስኗል። በኢትዮጵያም ስለ ግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።

በመጨረሻ አንድ የሚረሳ ነገር፦ የአካውንቱ ባለቤት አንድ ቀን ያልፋል። እርስዎ ከሌሉ የተከፈተውን የሚዘጋ፣ የተሳሳተውን የሚያርም ሰው ስለማይኖር፣ የይለፍ ቃሉንና የቤት ቅጂው ያለበትን ቦታ በታሸገ ፖስታ አድርገው ከቤተሰቡ ወጣቶች ለአንዱ ይስጡ። እኔ በመግቢያው ላይ ላነሣሁት ሰውዬ ልጅ ነው የሰጠሁት፤ እርሷ ራሷ ጠየቀችኝ፤ ሦስተኛውንም ገጽ አሁን የምትጽፈው እርሷ ናት።